ከሥዕሉ በታች ስላለው አቡጀዲ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ባሕር ዳር ወጣት ሠዓሊያን በሚወጡ ጽሑፎች ውስጥ ሁለት ቃላት ደጋግመው ይመጣሉ፤ «ተጽዕኖ» እና «ሙከራ»። ሥዕሉ «የጣና ገዳማት ተጽዕኖ ያረፈበት የሙከራ ሥራ» ይባልና ጸሐፊው በቀጥታ ወደ መልእክቱ ይገባል። በምን ላይ ተሣለ? ቀለሙን የያዘው ምንድን ነው? ሁለት ክረምት ይሻገራል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። እኛ የሥዕል ተማሪዎችም ብንሆን ከገዳማቱ ቀድመን የምንወስደው ትልልቆቹን ዓይኖች ነው። ከዓይኖቹ በታች ያለው አቡጀዲ፣ ሙጫና ጀሶ ግን የበለጠ ያስተምራል። ደብዳቤዬ ስለ እነዚህ ነው።

ተጽዕኖ መቀበልን እንደ ነውር የሚያዩ ስላሉ ከዚያ ልነሣ። በጣና ደሴት ባለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው፣ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን ስሙን ያሰፈረበት የእመቤታችን ሥዕል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በእንጨት ገበታ ላይ የተሠራ ነው። የባይዛንታይንና የጣልያን ሥዕሎችን ያየ ሰው እጅ ይታይበታል። በዚያው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ አገራችን ገብቶ መርቆሬዎስ በሚል ስም ለዓመታት ሠርቷል። በየአጥቢያው የምናውቃትን ምስለ ፍቁር ወልዳንም እንውሰድ። እጆቿን አነባብራ፣ መሐረብ ይዛ፣ መጽሐፍ የያዘ ልጇን አቅፋ የምትታይበት አቀማመጥ የመጣው ሮም ውስጥ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ጥንታዊ ሥዕል ነው። ቅጂዎቹን ወደዚህ ያደረሷቸው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ናቸው። ሚሲዮናውያኑ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ተባረሩ፤ ሥዕሏ ቀረች። የጎንደር ዘመን ሠዓሊያን አቀማመጡን ተቀብለው ጥላውን ተዉት፣ መስመሩን አጠነከሩ፣ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ አንስተው ጠፍጣፋ ቀለም አደረጉበት። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን ባሠሩበት ዘመን፣ ጥላው በፊትና በልብስ እጥፋት ላይ ተመልሶ መጣ። ዛሬ «ወጋችን» የምንለው ይህን ሁሉ መቀበልና መጣል ነው።

ዓይኑም ቢሆን በዘፈቀደ የተሣለ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይን ይታያል፤ ሰይጣንና አሳዳጅ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን የማያውቅ ተማሪ የገበያ ሴት በጎን ሥሎ ትልቅ ዓይን ሲያደርግላት፣ ሥርዓቱን የሚያውቁ አባት ቆመው ቢመለከቱ ግራ ይገባቸዋል። ሆን ብሎ ሥርዓቱን የሚገለብጥ ሠዓሊ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ቢያንስ የሚገለብጠውን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ግድግዳው። በዘጌ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናቸው፤ መቅደሱ ግን በመካከላቸው የቆመ አራት ማዕዘን ነው። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ሲሆን የሚታዩት መቅደሱን በሚከበው ቅድስት ውስጥ እየዞሩ ነው። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ብዙው ሥዕል በቀጥታ በግድግዳው ላይ አልተሣለም። ግድግዳው በጭድ በተቦካ ጭቃ ይለሰናል፤ በላዩ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል፤ ጨርቁ ስስ ነጭ መሠረት ይቀባል፤ ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጭቃ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰብና ይሰነጠቃል። ጨርቁ ትንንሹን ስንጥቅ ስለሚሻገር የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ የሥዕሉ ስንጥቅ አይሆንም። ችግሩ ሙጫው ላይ ነው። ከቆዳ የሚወጣ ሙጫ ከደረቀ በኋላም በውኃ ይሟሟል። ጣሪያው ሲያፈስ ጨርቁ ከግድግዳው ተላቆ እንደ ኪስ ይንጠለጠላል፤ ቀለሙም በጠብታው መንገድ ታጥቦ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ሥዕል አቧራ ያዘው ብሎ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ማለት ሥዕሉን ማጠብ ማለት ነው። ይህን ማንም ጎብኚ፣ ማንም ተማሪ፣ በበጎ ሐሳብም ቢሆን እንዳያደርገው። ለናሙና ብሎ በጥፍር መፋቅም እንደዚያው።

ይህን አሠራር ቤት ውስጥ መሞከር ለሚፈልግ ልኩ እንዲህ ነው። ግድግዳው ቀርቶ 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ይበቃል። አቡጀዲው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ የፋብሪካው ስታርች ካልወጣ ሙጫው ውስጥ አይገባም፣ ያልታጠበ ጨርቅ ደግሞ ከተለጠፈ በኋላ ተሰብስቦ ሰሌዳውን ያጣምማል። ለአንድ ሊትር ውኃ 70 ግራም ደረቅ የቆዳ ሙጫ (የአናጢዎቹ ዓይነት) ሌሊቱን ይዘፍዘፍ። ጠዋት ድስቱን ውኃ ባለበት ሌላ ድስት ውስጥ አስቀምጦ በቀስታ ማሞቅ ነው። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም። ከፈላ ሙጫው ኃይሉን ያጣል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራ ስሕተት ነው፤ ሲያዩት ምንም የተለወጠ ስለማይመስል የሚታወቀው ከወራት በኋላ ቀለሙ መርገፍ ሲጀምር ነው። ትክክለኛው ሙጫ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ እንደ እርጎ ለስላሳ ሆኖ ይረጋል፤ በጣት ሲነኩት ድርቅ ብሎ ከተሰበረ ውፍረቱ በዝቷል፣ ውኃ ይጨመርበት። በባሕር ዳር ሙቀት በሁለት ሦስት ቀን ይሸታል። የሸተተውን መጣል እንጂ እንደገና ማሞቅ አያድነውም።

ጨርቁ በሰሌዳው ላይ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየተገፋ፣ አየሩ እየወጣ ይለጠፍ። በየጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ወደ ጀርባ ይታጠፋል። የሰሌዳው ጀርባም አንድ ጊዜ ሙጫ ይቀባ፤ አለበለዚያ ፊቱ ሲደርቅ ይስበውና ይጎብጣል። በጥላ 24 ሰዓት፣ በሐምሌና በነሐሴ እስከ ሁለት ቀን ይደር።

ለነጩ መሠረት ጀሶ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው ጀሶ ውኃ ሲነካው ይጠነክራል። እንዳለ ከሙጫ ጋር ከተቀላቀለ ድስቱ ውስጥ ይደርቃል፣ ወይም ተቀብቶ ሲያበቃ ይፈረካከሳል። መጀመሪያ መሞት አለበት፤ አንድ ኪሎ ጀሶ በ15 ሊትር ውኃ ውስጥ እየተበተነ፣ ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጡ እየተማሰለ፣ ከዚያ በየቀኑ አንዴ ለሁለት ሳምንት ቢማሰል የመጠንከር ባሕርዩን ይጨርሳል። ውኃው ተደፍቶ ዝቃጩ ደርቆ ይፈጫል። በሞቀው ሙጫ ላይ ዱቄቱ በቀስታ ይነስነስ፤ ለአንድ ስኒ ሙጫ አንድ ተኩል ስኒ ያህል፣ እንደ ቀጭን ሊጥ እስኪሆን። መምታት አያስፈልግም፤ የተመታ ጀሶ አየር ይይዝና ሲደርቅ በመርፌ የተበሳሳ ይመስላል። የመጀመሪያው ቅብ በጣት እየታሸ ጨርቁ ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ ከአምስት እስከ ስድስት ስስ ቅብ፣ አንዱ ወደ ጎን ሌላው ወደ ታች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሙጫቸው በጥቂት ውኃ ቀጠን ይበል፤ ከታች የጠነከረ፣ ከላይ የላላ ነው ደንቡ። ከተገለበጠ የላይኛው ሲሰበሰብ የታችኛውን ይቀደዋል። እንደ ደረቀ ኩሬ ከተሰነጠቀ ሙጫው በዝቷል፣ ወይም ቅቡ ወፍሯል፣ ወይም ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ጣት ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ ሙጫው አንሷል። ሲያልቅ በ320 የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል።

ይህ መሠረት አይታጠፍም፣ አይጠቀለልም። ሥዕሉን ጠቅልሎ በአውቶቡስ አዲስ አበባ መውሰድ የሚፈልግ ሰው በሸራ ላይ በአክሪሊክ መሠረት ይሥራ፤ ምንም ነውር የለውም። ሁለቱን መደባለቅ ግን አይመከርም። የቆዳ ሙጫ እርጥበት በመጣ ቁጥር ያብጣል፣ ይሰበሰባል፤ በላዩ ያለው የአክሪሊክ ሽፋን እንደ ላስቲክ ነውና አብሮት ስለማይሄድ ይላቀቃል።

ስለ ቀለም። በጥንት ሥዕሎቻችን ላይ ቀይ ሲናባር፣ ቢጫ ኦርፒመንትና ሰማያዊ ኢንዲጎ ተገኝተዋል፤ አረንጓዴውም ብዙ ጊዜ የኢንዲጎና የኦርፒመንት ቅልቅል ነው። ሲናባር ሜርኩሪ፣ ኦርፒመንት አርሴኒክ አለባቸው። «እንደ አባቶች» ብሎ ዱቄታቸውን የሚፈልግ ተማሪ ጤናውን ነው የሚሸጠው፤ መልካቸውን ዛሬ መርዝ በሌላቸው ቀለሞች ማግኘት ይቻላል። በእጃችን ያለው ትልቁ ሀብት ቀይ አፈር ነው። አንድ ኪሎ አፈር በአምስት ሊትር ውኃ ይበጥበጥ፤ አንድ ደቂቃ ይቆይና አሸዋው ሲዘቅጥ የላዩ ውኃ በነጠላ ጨርቅ ተጣርቶ ወደ ሌላ ባልዲ ይገልበጥ። በማግሥቱ የጠራው ውኃ ተደፍቶ እንደገና። ሦስት ጊዜ ሲደገም የሚቀረው ልም ጭቃ ደርቆ ይፈጫል። ቀዩን የሚሰጠው የብረት ዝገት ስለሆነ ፀሐይ አያጠፋውም። የፎገራን ሜዳ ጥቁር መረሬ በዚህ መንገድ ቀለም ለማድረግ የሚለፋ ግን ይከስራል፤ መረሬ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር ነው፣ በማሳው ላይ የሚያደርገውን በሥዕሉም ላይ ያደርጋል።

የቀለሙን ዱቄት ለማያያዝ የአንድ እንቁላል አስኳል ከነሽፋኑ በመዳፍ ይያዝና ሽፋኑ ተበስቶ ውስጡ ብቻ ይፍሰስ፤ እኩል መጠን ውኃ ይጨመርበት፤ የዕለቱ ለዕለቱ ይለቅ። ከቀለሙ ዱቄት ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ልኩን ለማወቅ በመስተዋት ላይ አንድ መስመር ቀብቶ ሲደርቅ በምላጭ መላጥ ነው። እንደ ቆዳ ተጠቅልሎ ከተነሣ ደህና ነው፣ ዱቄት ሆኖ ከረገፈ አስኳሉ አንሷል።

በዕፀዋት ቀለም የሚሠሩ ጓደኞች አይቀየሙኝ፤ እርድና ቀይ ሥር ለሥዕል አይሆኑም። የዘጌ ቡናም ውብ ቡኒ ይሰጣል፤ ግን ይገረጣል። ክርክር አያስፈልገውም። ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ቀለም ጥብጣብ ቀብቶ፣ ግማሹን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኖ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት ላይ መለጠፍ ነው። ፎይሉ ሲነሣ ልዩነቱ በራሱ ይናገራል።

ሙከራ ወደሚባለው ልምጣ። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በጣና ላይ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተነገረ ወዲህ ብዙ ወጣቶች ደረቅ ግንዱን ሸራ ላይ እየለጠፉ ይሠራሉ። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ ሐይቁን የሚያፍነውን ነገር ራሱን ቁስ ማድረግ ትርጉም አለው። ነገር ግን የእምቦጭ ግንድ ውስጡ አየር የሞላው ስፖንጅ ነው። እንዳለ ከተለጠፈ በመጀመሪያው ክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ ይሻግታል፣ ከዚያ ነቀዝ ይገባበታል። መፍትሔው ወረቀት ማድረግ ነው።

ከ20 ኪሎ እርጥብ ግንድ የሚገኘው ደረቅ ቁስ አንድ ኪሎ አካባቢ ብቻ ነው፤ የቀረው ውኃ ነው። ሥሩ፣ ቅጠሉና አበባው እዚያው ዳርቻ፣ ከውኃው ርቆ ይቅር። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ስለሚቆይ አበባ ያለውን ተክል ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ኩሬ ማጓጓዝ በሥነ ጥበብ ስም አረሙን መዝራት ይሆናል። ግንዱ በ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ለአንድ ኪሎ ደረቅ 200 ግራም የልብስ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) በ12 ሊትር ውኃ ተጨምሮበት፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይቀቀል። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፤ ሶዳው ይበላዋል። ጓንት ይደረግ። የተቀቀለው በጣት ሲጎትቱት በቀላሉ ከተበጠሰ ደርሷል። ማለቅለቂያው ውኃ ማንሸራተቱን እስኪተውና እስኪጠራ ድረስ ይታጠብ፤ ጥቁሩ የቅቅል ውኃ ወደ ሐይቁ አይደፋ።

ከዚያ ሙቀጫ ነው። ለግማሽ ሰዓት ተወቅጦ ቁንጥር ታህል በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ትናወጥ፤ እንደ ደመና ከተበተነ በቃ፣ ጓል ካለው ይቀጥል። እምቦጭ ብቻውን ጥሩ ወረቀት አይሆንም። ጭረቱ አጭር ነው፣ ሲደርቅ በጣም ይሰበሰባል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ግን የሚሰባበር ልጥ ይሆናል። ሲሶውን ያህል በደንብ የተቀቀለና የተወቀጠ ቃጫ ወይም ያረጀ የጥጥ ጨርቅ ቢቀላቀልበት ይጠነክራል። የደብተር ገጽ የሚያህል ሉክ ከ6 እስከ 8 ግራም ደረቅ ጭረት ይፈልጋል። በወባ መከላከያ የመስኮት ወንፊት በተወጠረ ፍሬም ተነሥቶ፣ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተገልብጦ፣ በሰሌዳዎች መካከል ተጨምቆ፣ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይድረቅ። በገመድ ላይ የተሰጣ ይጨማደዳል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ከላይ ያለው የቆዳ ሙጫ በእጥፍ ውኃ ቀጥኖ ይነከርበት፤ ያለዚያ ቀለሙን እንደ መምጠጫ ወረቀት ይውጠዋል።

ደንገልም አለን፤ ታንኳ የሚታሰርበት ይኸው ተክል የጥንት ግብፆች ለጽሑፍ የተጠቀሙበት ነው። መቀቀል አያሻውም። አረንጓዴው ልጥ ተልጦ ነጩ ውስጡ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይሰነጠቅ፣ ለሦስት ቀን ይዘፍዘፍ፣ በጠርሙስ ይዳመጥ፤ ጫፎቹ ተደራርበው አንዱ ረድፍ ወደ ጎን፣ ሁለተኛው ወደ ታች ተደርድረው፣ በጨርቆች መካከል ሆነው ክብደት ይጫንባቸው። ጨርቁ በየቀኑ ካልተለወጠ ይሻግታል። ብዙ ከተዘፈዘፈ ይጠቁራል። ደንገሉ በዳርቻው እየሳሳ ስለሆነ ለአንድ ሥራ የሚበቃ ጥቂት አገዳ፣ ሥሩ ሳይነካ፣ ከአካባቢው ታንኳ ሠሪዎች ተጠይቆ ይቆረጥ።

ይህን ያህል ስለ ቁስ ማውራቴ ሐሳብን ለመናቅ እንዳይመስል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በፓሪስ ዓመታት የሠዓሊዎቹን የፓውል ክሌንና የዊፍሬዶ ላምን ሥራ ቀርቦ አይቷል፤ በኋላ በብራና ላይ ሲሠራ የብራናውን መጨማደድና ጠርዝ የሥዕሉ አካል አደረገው። ዘሪሁን የትምጌታ የሸማኔ ዕቃ ከሆኑ የቀርከሃ ዘንጎች ገበታ ሠርቶ፣ በላያቸው የጠልሰምን (የክታብ ሥዕልን) ዓይንና መስመር አመጣ። ሥዕሉ ቀጥ ቀጥ ብሎ የተከፋፈለው ቀርከሃው ስለሚከፋፍለው ነው፤ በሸራ ላይ ቢገለበጥ ይሞታል። ኤልያስ ስሜም የኤሌክትሮኒክስ ሽቦዎችን አጠላልፎ ሲሠራ ሽቦው ቀለምም መስመርም ይሆናል። በእነዚህ ሥራዎች ቁሱ ቢለወጥ ሥዕሉም ይለወጣል። የአንድን ሥራ ሙከራነት እኔ የምመዝነው በዚህ ነው።

ከገዳማቱ የሚወሰድ ሌላም አለ፤ እስካሁን ብዙ ያልተነካ። በቅድስቱ ውስጥ ተመልካቹ ወደ ኋላ ርቆ ሙሉውን ማየት አይችልም፤ ቦታው ጠባብ ነው። ስለዚህ ታሪኩ በረድፍ በረድፍ ተከፍሎ፣ እየተራመዱ እንዲነበብ ሆኗል። አንድ ወጣት አራት ሰሌዳዎችን ጀርባ ለጀርባ አቁሞ፣ ዙሪያውን ከሁለት ሜትር በማይበልጥ መጋረጃ ቢከብበው፣ አንድም ቅዱስ ሳይሥል የኡራን ትምህርት በሥራው ውስጥ ሊያስገባ ይችላል።

ከጋዜጣችሁ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ስለ ዐውደ ርእይ ስትጽፉ ከርእሱና ከዋጋው ጋር ቁሱም ይጻፍ፤ «ቅይጥ ቁስ» የሚለው አይበቃም። «የእምቦጭና የቃጫ ወረቀት፣ በቆዳ ሙጫ የተነከረ፣ ቀይ አፈር በእንቁላል» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው የሚወስደው። ገዢው እንዴት እንደሚይዘው ያውቃል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚጠግነው ሰውም ውኃ ያስነካው ወይም አያስነካው ይለያል።

ሁለተኛው የሴት ተማሪዎች ጉዳይ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል በሥርዓታቸው ሴት አይገባባቸውም፤ ሥርዓቱን ማንም እንዲነካ አልጠይቅም። ነገር ግን የፍሬ ጽዮንን ሥዕል በአካል ማየት የማትችል ተማሪ የምታገኘው ስልክ ላይ የደበዘዘ፣ በፍላሽ የነጣ ፎቶ ነው። በገዳሙ አባቶች ፈቃድ፣ ያለ ፍላሽ፣ የቀለም መለኪያ ካርድ ከጎኑ ተቀምጦ፣ በሥዕሉ ትክክለኛ መጠን የተነሣ ፎቶ ታትሞ ባሕር ዳር ውስጥ ሁሉም በሚገባበት አዳራሽ ቢሰቀል ጥሩ ነበር። በተለይ የገበታው ጠርዝና ነጩ መሠረት የተላጠበት ቦታ ይነሣ፤ አሠራሩ የሚነበበው እዚያ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥዕል ተማሪ፣ ከባሕር ዳር